ከአውራ ጎዳናው እስከ እንሰቱ ጓሮ፦ የጌዴኦ መንገዶች በጋራ ካርታ ላይ

እሸት ቡና ፋታ አይሰጥም። በተለቀመበት ዕለት ማጠቢያ ጣቢያ ደርሶ መፈልፈል አለበት፤ ካደረ መቡካት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጌዴኦ ዞን የምትገኘውን የይርጋጨፌን ስም በዓለም ገበያ ያስጠራው የታጠበ ቡና ከሰዓት ጋር በሚደረግ እሽቅድምድም የሚገኝ ነው። ገበሬው ከጓሮው እስከ መረከቢያው፣ አይሱዙው ከመረከቢያው እስከ ማጠቢያው፣ የጭነት መኪናው ከማጠቢያው እስከ ዲላና ከዚያም እስከ አዲስ አበባ የሚያደርጉትን ጉዞ ፍጥነት የሚወስነው መንገዱ ነው።

የትኛው መንገድ አይሱዙ ያስገባል? የትኛው ሐምሌ ላይ ይዘጋል? የትኛው ከሞተር ብስክሌት በላይ አያሳልፍም? የአካባቢው ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል። ከውጭ የሚመጣው ሾፌር፣ የክትባት ቡድን፣ የእርዳታ መኪና፣ የጌዴኦን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ሊያይ የመጣ እንግዳ ግን አያውቅም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ የሚጠይቁት ስልካቸውን ነው። ስልኩ የሚመልሰውም አንድ ሰው ቀደም ሲል የነገረውን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ሰው ለስልኩ የሚነግርበትን መንገድ፣ በተለይም የገጠር መንገዶች በጋራ ካርታ ላይ እንዴት በደረጃ እንደሚከፈሉ ያስተዋውቃል።

ሁሉም የሚሠራው ካርታ

ካርታው ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት ጀመረው። በወቅቱ የብሪታንያ መንግሥት የካርታ ድርጅት መረጃውን በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ዜጎች ጂፒኤስ ይዘው በየሰፈራቸው እየዞሩ ራሳቸው ካርታ ይሥሩ፤ የሠሩትም ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የሚደግፍ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል። ማንም አካውንት ከፍቶ መንገድ መጨመር፣ ስም ማረም፣ ደረጃ መቀየር ይችላል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ሁሉ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ የተበላሸ ነገር ቢገኝ ወደ ነበረበት መመለስ አይቸግርም።

ይህ ካርታ ለሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚጠቅም በሰፊው የታየው በሃይቲ ነው። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርቶ ፕረንስን ሲያፈርስ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ከያሉበት አገር የሳተላይት ምስል እያዩ የከተማዋን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሣሉ፤ ነፍስ አድን ሠራተኞችም በዚያው ካርታ ተመሩ። ከዚያ ልምድ የሂውማኒቴሪያን ኦፕንስትሪትማፕ ቡድን ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ይኸው ቡድን፣ የአሜሪካና የብሪታንያ ቀይ መስቀል እንዲሁም ድንበር የለሽ ሐኪሞች አደጋ ሳይደርስ አስቀድሞ ያልተሣሉ አካባቢዎችን ለመሣል ሚሲንግ ማፕስ የተባለውን ፕሮጀክት ጀመሩ።

ጌዴኦም እንዲህ ያለ ጊዜ አይቷል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተፈጠረው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ወራቱ የዝናብ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ እህልና መድኃኒት የጫነ መኪና የሚያስተባብር ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው መኪናው እስከየት ድረስ እንደሚገባና ጭነቱ ከየት ጀምሮ በሰው ትከሻ እንደሚሄድ ነው። መንገድን በደረጃ መክፈል የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

መስመሩና መለያው

በኦፕንስትሪትማፕ ውስጥ መንገድ ማለት በተከታታይ ነጥቦች የተሠራ መስመር ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው። መስመሩ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም፤ ወንዝም፣ አጥርም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም ሊሆን ይችላል። መንገድ የሚያደርገው የሚለጠፍበት መለያ ነው። መለያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የነገሩን ዓይነት፣ ሁለተኛው ልኩን ይናገራል። ለመንገድ የሚውለው የመጀመሪያው ክፍል “ሃይዌይ” የሚል ነው። ከፈጣን መንገድ ጀምሮ ከብት እስከሚነዳበት ቀጭን መንገድ ድረስ ሁሉም በዚህ ሥር ይገባል። ልዩነታቸውን የሚያሳየው ሁለተኛው ክፍል ነው።

ከላይ ወደ ታች ብንዘረዝራቸው ቁልፎቹ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው። ሞተርዌይ መግቢያና መውጫው የተገደበ ፈጣን መንገድ ነው፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ምሳሌው ነው። ትረንክ የአገሪቱን ዋና ዋና ከተሞችና የድንበር በሮች የሚያገናኝ አውራ ጎዳና ነው። ፕራይመሪ ትልልቅ ከተሞችን፣ ሰከንደሪ መካከለኛ ከተሞችን፣ ተርሸሪ ትንንሽ ከተሞችንና ትልልቅ ቀበሌዎችን ያገናኛሉ። ከእነሱ በታች አንክላሲፋይድ የሚባለው አለ፤ መንደርን ከመንደር ወይም መንደርን ከተሻለ መንገድ የሚያገናኝ፣ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት የገጠር መንገድ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ደረጃ ነው እንጂ ደረጃው ያልታወቀ መንገድ የሚጣልበት ቦታ አይደለም። ሬዚደንሻል መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ መንገድ ነው። ትራክ ወደ እርሻ ወይም ወደ ደን ብቻ የሚወስድ የመኪና ዱካ ነው። ፓዝ ደግሞ መኪና የማያልፍበት የእግርና የከብት መንገድ ነው።

ይህ አከፋፈል የተወለደው በብሪታንያ ነው፤ ስያሜዎቹም ከዚያ አገር የመንገድ ሥርዓት የተወሰዱ ናቸው። በዚያ አገር የመንገድ ጠቀሜታና የመንገድ ጥራት አብረው ይሄዳሉ፤ ዋናው መንገድ ሰፊ፣ የተነጠፈና የተቀባ ነው፤ ትንሹ መንገድ ጠባብ ነው። ጌዴኦ ላይ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። አንድ የወረዳ ከተማ ከዓለም ጋር የሚገናኝበት ብቸኛ መንገድ ቀይ ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ቤት ብቻ የሚያገለግል የከተማ ቅያስ ደግሞ በኮብልስቶን አምሮ ይገኛል። የብሪታንያን ዓይን ይዞ የሚሥል ሰው የመጀመሪያውን ዝቅ፣ ሁለተኛውን ከፍ ያደርጋል፤ በሁለቱም ይሳሳታል።

ስለዚህ በአፍሪካ ያሉ የካርታ ሠሪዎች ለአህጉሪቱ የሚስማማ መመሪያ አዘጋጁ። የመመሪያው ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ደረጃ የሚሰጠው መንገዱ በሚያገናኘው ቦታና በሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ የመንገዱ ገጽታና ይዞታ በሌላ መለያ ለብቻው ይጻፋል።

መንግሥት የሚለው አምስት ደረጃ

በአገልግሎት መመደብ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በጥር 1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና ባለሥልጣን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ በዲዛይን መመሪያው መንገዶችን በአምስት ይከፍላል። አንደኛው አዲስ አበባን ከድንበርና ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ማዕከላት ጋር የሚያገናኝ ዋና አውራ ጎዳና ነው። ሁለተኛው ዋና ዋና ከተሞችን እርስ በርስ የሚያስተሳስር አገናኝ መንገድ ነው። ሦስተኛው አውራጃዊ ጠቀሜታ ያላቸውን ማዕከላት የሚያገናኝ ዋና መዳረሻ፣ አራተኛው በአካባቢ ደረጃ የሚታወቁ ከተሞችን የሚያያይዝ ሰብሳቢ መንገድ፣ አምስተኛው ገበያንና ቀበሌን ከዚያ በላይ ካለው መንገድ ጋር የሚያገናኝ መጋቢ መንገድ ነው።

አምስቱን ከካርታው ደረጃዎች ጎን ብናቆማቸው ከትረንክ እስከ አንክላሲፋይድ ያሉት አምስት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይገጥማሉ። ይህ ለኢትዮጵያውያን ካርታ ሠሪዎች ጥሩ መነሻ ነው፤ እንደ አስገዳጅ ሕግ ግን መወሰድ የለበትም። በመንግሥት መዝገብ ያለው ደረጃ ብዙ ጊዜ መንገዱ ዳር በምልክት አይታይም፤ የኦፕንስትሪትማፕ መሠረታዊ መርህ ደግሞ የተጻፈው ነገር ቦታው ድረስ በሄደ ሰው ሊረጋገጥ ይገባል ይላል። በተጨማሪም የመንገድ መረባችን በፍጥነት አድጓል። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በተጀመረበት በ1997 እ.ኤ.አ. አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዛሬ ከ140 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዚህ ዕድገት ትልቅ ድርሻ የገጠር መንገድ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የተጀመረውና ሕዝቡ “ዩራፕ” እያለ የሚጠራው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ የማገናኘት ግብ ነበረው። ከእነዚህ መንገዶች መካከል ካርታው ላይ ጨርሶ የሌሉ አሉ፤ ተሥለው ደረጃቸው የተሳሳተም አሉ።

ከዲላ እስከ እንሰቱ ጓሮ

አሁን መመሪያውን ይዘን ጌዴኦ ውስጥ እንግባ።

የዞኑ አከርካሪ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አድርጎ ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን እያቋረጠ በሐገረ ማርያም በኩል ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አስፋልት ነው። ይህ መንገድ ካይሮን ከኬፕታውን ጋር ለማገናኘት የታሰበው የአፍሪካ አቋራጭ አውራ ጎዳና አካል ነው። ዋና ከተማን ከድንበር ያገናኛልና ትረንክ መሆኑ አያከራክርም። የአስፋልቱ አንዳንድ ክፍል ቢቦረቦርም ደረጃው አይወርድም፤ የሚለወጠው የይዞታው መለያ ነው። በመንገዱ ላይ የምትገኘው ይርጋጨፌ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ለቡናው ይህ መንገድ የወደብ መንገድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት ከዚህ አከርካሪ ወደ ምሥራቅ ደጋው የሚወጡት ቅርንጫፎች ናቸው። ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣውን እንውሰድ። ቡሌ የወረዳ ከተማ ነው፤ መንገዱም ቡሌ ላይ አያበቃም፣ በጎረቤት ዞን ወዳለው ሐሮ ዋጩ ያልፋል። ዞንን ከጎረቤት ዞን የሚያስተሳስር በመሆኑ ሰከንደሪ ቢባል ተገቢ ነው። የወረዳውን ከተማ ብቻ የሚያገለግል ቢሆን ኖሮ ተርሸሪ ይበቃው ነበር። ወደ ገደብ ከተማ የሚወስደው መንገድም በተመሳሳይ ሚዛን ይመዘናል፤ ምን ያህል ከተማ ያያይዛል? መጨረሻው የት ነው? አማራጭ መንገድ አለ ወይስ የለም? ብሎ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው እርከን ከይርጋጨፌ ወደ አሪቻ፣ ወደ ኢዲዶና ወደ ሌሎቹ የቡና ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ናቸው። የማጠቢያ ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች የሚገኙት በእነዚህ ዳር ነው። ብዙ ቀበሌ የሚሰበስበውና የገበያ ቀን ሕዝብ የሚጎርፍበት ተርሸሪ ይሆናል፤ አንድ ቀበሌ ደርሶ የሚቆመው አንክላሲፋይድ ነው። እዚህ ላይ ነው በርቀት የሚሥሉ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት። ከሳተላይት ሲታይ ያልተነጠፈ ቀይ መስመር ስለሆነ ትራክ ይሉታል። ትራክ ግን የእርሻ ዱካ ነው። ሕዝብ የሚኖርበት ቀበሌ ብቸኛ መግቢያ ጭቃም ቢሆን ትራክ አይደለም።

አራተኛው እርከን የእግር መንገዶቹ ናቸው፤ በጌዴኦ የመረቡ ትልቁ ክፍል እነሱ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ 847,434 ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይኖርም፤ ቤቶቹ በየተራራው ጎን በእንሰትና በቡናው መሃል ተበትነዋል። ቤትን ከቤት፣ ቤትን ከምንጭ፣ ቤትን ከመኪና መንገድ የሚያገናኘው ቀጭን መንገድ ነው። ሰው የሚታመመውም፣ እናት የምትወልደውም እዚያ ጫፍ ነው። እነዚህ ፓዝ ተብለው ይሣላሉ፤ ሞተር የሚያልፍባቸው ከሆነ ግን ይህን የሚገልጽ ተጨማሪ መለያ ሊጻፍላቸው ይገባል። በገጠራችን ሞተር ሰውም ጆንያም ይጭናልና፣ ሞተር የሚያልፍበትና የማያልፍበት መንገድ ለኑሮው እኩል አይደለም።

የዛፉ ጥላ

ጌዴኦን ከሌሎች አካባቢዎች ይልቅ ለመሣል አስቸጋሪ የሚያደርገው ከሁሉም በላይ የሚያኮራው ነገር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከተመዘገበባቸው ምክንያቶች አንዱ የጥምር እርሻው ነው፤ ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች፣ በእነሱ ጥላ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና በእርከን በእርከን አብረው ይበቅላሉ። ይህ ሥርዓት አቀበታማውን መሬት ከመሸርሸር ጠብቆ ያን ያህል ሕዝብ አኑሯል።

ከሰማይ ሲታይ ግን ያው ጥላ መንገዱን ይሸፍነዋል። በርቀት የሚሥል ሰው መንገዱ ከአንድ ዛፍ ሥር ገብቶ ሲጠፋና ሁለት መቶ ሜትር አልፎ ሲወጣ ያያል፤ መካከሉን መገመት ይኖርበታል። የእግር መንገዱን ጨርሶ አያየውም። መንገድን ከሳተላይት ምስል እየፈለጉ የሚሥሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ተሠርተዋል፤ እነሱም ጥላውን አያልፉም። የሚያገኙትንም መስመር ምን እንደሚያገለግል አያውቁም። ድልድይ ይኑር አይኑር ከሰማይ ብዙ ጊዜ አይለይም። ጅረት አቋርጦ የተሣለ መስመር በበጋ ሰው የሚሻገርበት መልካ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ መሬት ላይ መሄድ ነው። ስልክ ላይ የጂፒኤስ መመዝገቢያ ከፍቶ መንገዱን በእግር ወይም በሞተር የሄደ ሰው ዛፉ የሸፈነውን መስመር ይዞ ይመለሳል። አብሮም መጠየቅ አለበት። በጌዴኦ ተራራዎች ላይ ማኅበረሰቡ የሚጠብቃቸው የተቀደሱ ደኖች አሉ፤ በጉብታዎቹ ላይ ደግሞ የጥንት ትክል ድንጋዮች በብዛት ቆመዋል። ወደነዚህ ቦታዎች የሚወስደውን መንገድ ዓለም በሚያየው ካርታ ላይ ከማኖር በፊት ሶንጎ የሚባለውን ባህላዊ ሸንጎ ሽማግሌዎች ማማከር ተገቢ ነው። ሁሉም የሚታወቅ መንገድ ለሁሉም የሚታይ መሆን የለበትም።

ስህተቱ የሚያስከፍለው

ደረጃ የቀለም ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ካርታው ላይ ትረንክ በብርቱካናማ፣ ሰከንደሪ በፈዛዛ ቢጫ፣ አንክላሲፋይድ በነጭ፣ ትራክ በተቆራረጠ ቡናማ መስመር ይታያል። ዋናው ሥራ ግን ከቀለሙ በስተጀርባ ነው። መንገድ የሚመርጡ ፕሮግራሞች የጉዞ ሰዓትን የሚያሰሉት ከደረጃው ተነሥተው ነው።

በሰፊው የሚሠራበትን ኦኤስአርኤም የተባለ ፕሮግራም እንይ። በመደበኛው የመኪና ቅንብሩ ለትረንክ በሰዓት 85፣ ለፕራይመሪ 65፣ ለሰከንደሪ 55፣ ለተርሸሪ 40፣ ለአንክላሲፋይድ 25 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ትራክን ጨርሶ አያስገባም፤ ለእሱ ትራክ የመኪና መንገድ አይደለም። ስለዚህ ከዋናው አስፋልት 12 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ ቀበሌ እናስብ። መንገዱ አንክላሲፋይድ ከተባለ ፕሮግራሙ 29 ደቂቃ ያህል ይላል፤ ለአቀበት መንገድ ምክንያታዊ ግምት ነው። አንድ ሰው ለክብር ብሎ ሰከንደሪ ቢያደርገው 13 ደቂቃ ይላል፤ አምቡላንሱ የሚደርስበትን ሰዓት የሚያሰላ ሰው በውሸት ይጽናናል። ትራክ ከተባለ ደግሞ ቀበሌው መኪና የማይደርስበት ሆኖ ይቀራል፤ የጤና አገልግሎት ተደራሽነትን የሚያጠና ሰው በተሳሳተ ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል።

ሌላው የማይታይ ስህተት የመገናኛ ነጥብ ነው። የቀበሌው መንገድ መስመር ከአውራ ጎዳናው መስመር ጋር አንድ የጋራ ነጥብ ከሌለው፣ ለዓይን የተነካካ ቢመስልም ለፕሮግራሙ የተለያዩ ናቸው። ሁለት ሜትር ክፍተት አንድን ቀበሌ ከአገሩ መንገድ ይቆርጠዋል።

ገጽታው ለብቻው ይጻፍ

ጭቃው፣ ጠጠሩና ጉድጓዱ ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። የራሳቸው ቦታ አላቸው። አንዱ መለያ የመንገዱን ገጽታ ይመዘግባል፤ አስፋልት፣ የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ልቅ ጠጠር፣ አፈር፣ ጭቃ፣ ኮብልስቶን ማለት ይቻላል። ሌላው የመንገዱን ልስላሴ ከምርጥ እስከ ፈጽሞ የማያሳልፍ በስምንት እርከን ይለካል። ትራኮች ደግሞ ከጠንካራው እስከ ለስላሳው በአምስት ይከፈላሉ። ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ መኪና ብቻ የሚያልፍበት፣ በዝናብ ወቅት የሚዘጋ፣ ድልድይ የሌለው መልካ፤ ለእያንዳንዱ መለያ አለ። ያው ኦኤስአርኤም ገጽታው “ልቅ ጠጠር” ከተባለ ፍጥነቱን በ40 ይገድባል፤ “ጭቃ” ከተባለ ወደ 10 ያወርደዋል።

በጌዴኦ ይህ መረጃ በተለይ ያስፈልጋል። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የቡናው ለቀማ ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ይጧጧፋል። መሬቱ ገና ሳይደርቅ እሸት የጫነ መኪና መውጣት ይጀምራል ማለት ነው። የዚህን መንገድ አስፈላጊነትና የዚህን መንገድ ድካም ነጣጥሎ የሚያሳይ ካርታ ለሾፌርም፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበርም፣ መንገድ ለሚጠግነው የወረዳ መሥሪያ ቤትም ይጠቅማል። ተርሸሪ የሆነና ገጽታው ጭቃ የሆነ መንገድ ሲታይ፣ በጀት መቅደም ያለበት የት እንደሆነ ካርታው ራሱ ያመለክታል። ጭቃ ስለሆነ ብቻ ትራክ ተብሎ ዝቅ ያለ መንገድ ግን ይህን አቤቱታ ማሰማት አይችልም። ደረጃንና ገጽታን መቀላቀል የሚጎዳው ብዙ ሕዝብ የሚያገለግሉትን ድሃ መንገዶች ነው።

ክርክር ሲነሣ

የሁሉም በሆነ ካርታ ላይ አለመግባባት አይቀርም። አንዱ ፕራይመሪ ያደረገውን ሌላው ሰከንደሪ ይላል። የሚፈታው በውይይት ነው፤ እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱ ተጽፎበት ይገባል፤ ሌሎች ጥያቄ ያቀርቡበታል። ክርክሩን የሚያቀሉ ጥቂት ልማዶች አሉ። መንገድ ካርታው ላይ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ደረጃ መጨመር አይፈቀድም። አንድ መንገድ አስፋልቱ ባበቃ ቁጥር ደረጃው መቀያየር የለበትም፤ ከከተማ እስከ ከተማ ወጥ መሆን አለበት። ዝቅተኛ መንገዶች ከፍ ወዳለው፣ እሱም ከዚያ ከፍ ወዳለው እያደረሱ መረቡ መያያዝ አለበት። ከሌላ የንግድ ካርታ መቅዳት ደግሞ ክልክል ነው፤ የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በክፍት የመረጃ ቋት ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ ምንጩ ንጹሕ መሆን አለበት።

በሳተላይት ምስል የሚሠራ የሩቅ በጎ ፈቃደኛና መንገዱን በእግሩ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ሲለያዩ፣ ሚዛን የሚደፋው የአካባቢው ሰው ቃል ነው። የሩቁ ሰው መስመሩን ይሥላል፤ ይህም ትልቅ ውለታ ነው። የገበያው ቀን የትኛው መንገድ እንደሚሞላ፣ የትኛው ድልድይ በጎርፍ እንደተወሰደ፣ የትኛው መንገድ የቀበሌው መተዳደሪያ እንደሆነ ግን የሚያውቀው ነዋሪው ነው።

ለመጀመር

የሚያስፈልገው ስልክና ትዕግሥት ነው። ስትሪትኮምፕሊት የተባለው መተግበሪያ በቆሙበት ቦታ “የዚህ መንገድ ገጽታ ምንድን ነው?” የሚሉ ቀላል ጥያቄዎችን ይጠይቃል፤ መልሱን ወደ ካርታው ይልካል። ኦስማንድ መንገድ ይመዘግባል፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ኔትወርክ በሌለበት ካርታውን ያሳያል። መስመር ለመሣልና ደረጃ ለመስጠት በኮምፒውተር የሚከፈተው አይዲ ይበቃል። ለለመደ ሰው ጆዝም የተባለው አለ። የቦታ ስም በአማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ በጌዴኦ ቋንቋ በጌዴኡፋም በራሱ የቋንቋ መለያ ሊጻፍ ይችላል።

በዲላ ያሉ ተማሪዎችና መምህራን፣ በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬና በገደብ ያሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሠራተኞች፣ በየቀበሌው የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ሞተረኞችና ሾፌሮች ይህን ሥራ ከማንም በተሻለ መሥራት ይችላሉ። በውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆችም ያደጋችሁበትን መንገድ ታውቁታላችሁና፣ ሳተላይቱ ያላየውን ከቤተሰብ ጠይቃችሁ ልታርሙ ትችላላችሁ። ከአንድ መንገድ ጀምሩ፤ ከቀበሌያችሁ እስከ ዋናው አስፋልት ያለውን። መጀመሪያ ከአውራ ጎዳናው ጋር በጋራ ነጥብ መያያዙን አረጋግጡ። ቀጥሎ በሚያገናኘው ቦታ ልክ ደረጃውን ስጡት። በመጨረሻም ጭቃውን ጭቃ፣ ጠጠሩን ጠጠር ብላችሁ በእውነት ጻፉ። ቀበሌያችሁን ለማያውቅ ሾፌርና ሐኪም መንገዱን የሚያሳየው የእናንተ እጅ የጻፈው መረጃ ነውና፣ ሌላ ሰው እስኪጽፈው አትጠብቁ።